ኤሌቬተሩ የቆመ ሰሞን

ጌትዬ፣ የኔ ሰው፤

ከተለየኸኝ አራተኛው ሰመር አለፈ፤ ይኸው ደግሞ ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል። "እንደምን አለህ" ልልህ ብዕሬን አነሳሁና ቃሉን መልሼ ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ወሬ አጥቼ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ድካም ስልህ ደግሞ ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ዓይነት አይምሰልህ። ሥራ ውዬ፣ ሰው አክሜ፣ ቤት ገብቼ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ቁጭ እንዳልኩ የሚያመሸኝ ድካም ነው። ዛሬ ግን እሑድ ነው፤ ዝናቡም አላቆመም፤ የትም አልሄድም። በዚህ ሰመር የሆነውን ሁሉ ላጫውትህ።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሊያችን ኦታዋ ሥራ አግኝታ ከሄደች ዓመት አልፏታል። እሑድ እሑድ ኮል ታደርጋለች። አማርኛዋ እየሳሳ መጥቷል፤ "ማሚ፣ በላሽ?" የምትለውን ግን አልረሳችም። ከዚያ በኋላ ያለውን በእንግሊዝኛ ትለቀዋለች። እኔ እዚያው ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር፣ እዚያው አፓርትመንታችን ውስጥ ነኝ። ቤት ግዢ ያላለኝ ሰው የለም፤ እኔ ግን ብቻዬን ሣር የማጭድበትና በረዶ የምዝቅበት ጉልበት የለኝም። ቡናማውን ሶፋህን አውጥቼ ለሰው ሰጠሁት። እንደምትቆጣ አውቃለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ስፕሪንጉ ወጥቶ የተቀመጠውን ሁሉ ይወጋ ነበር። አንተ "ነገ እሠራዋለሁ" ስትል የኖርከውን የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧም ሰው አስመጥቼ አሠራሁት። ጠብ ጠብ ማለቱን ሲያቆም ቤቱ ጭር አለብኝ።

ስትሪትካር ላይ፣ ያ የነዳኸው የመንገድ ባቡር ላይ በወጣሁ ቁጥር ዓይኔ ሹፌሩን ይፈልጋል። የዚህን አገር የሕክምና ፈቃድ ለማግኘት ለፈተና የምዘጋጅበት ዘመን ትዝ ይልሃል? ሊያ ትምህርት ቤት ስትውል መጽሐፌን ይዤ አንተ በምትነዳው ስትሪትካር ላይ፣ ልክ ከኋላህ ካለው ወንበር እቀመጥ ነበር። ከመነሻ እስከ መድረሻ፣ ከመድረሻ እስከ መነሻ፣ እያነበብኩ። አሮጊት እየሮጡ ሲመጡ ካየህ በሩን አትዘጋም። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም በመስታወቱ አይተኸኝ ትጠቅሰኝ ነበር። እኔ ዶክተር የተባልኩት ሁለቴ ነው፤ አንዴ ጅማ፣ አንዴ እዚህ። በመካከሉ የነበሩትን ዓመታት የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ገላ ሳጥብና አንሶላ ስቀይር ኖርኩ፤ እቤት ስገባ "ዛሬስ ዶክተሯ እንዴት ዋለች?" ትለኝ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ቀልድ አይመስልህም ነበር። ስለዚህ እኔም አመንኩህ።

ከዚያ የቆሽት ካንሰሩ መጣ። ማንም ቀድሞ የሚያየው ዓይነት አልነበረም፤ በዚህ ራሴን ወቅሼ አላውቅም። ብቻ አንተን ቀብሬ፣ ለቅሶው ሳይበርድ ወደ ክሊኒክ ተመለስኩ። ሰው "ጎበዝ ናት፣ ጠንካራ ናት" አለኝ። ጥንካሬ አልነበረም። ቤት መቀመጥ ስላቃተኝ ነው።

ብሉር ጎዳና ላይ ያለውን ክሊኒካችንን ታውቀዋለህ፤ ከፋርማሲው ጀርባ ያለችው ጠባብ ቤት። ካንተ በኋላ ታማሚው በዛ፣ ሐኪሙ አነሰ። ግድግዳው ላይ "በአንድ ቀጠሮ አንድ ችግር ብቻ" የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሰው ግን አንድ ችግር ብቻ ይዞ አይመጣም። ጉልበቴን ብሎ ይገባል፤ ጉልበቱን አይቼለት ሲነሳ፣ እጁን የበሩ እጀታ ላይ አድርጎ፣ "ደግሞ ዶክተር፣ ልጄ ከታሰረ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም" ይላል። ዋናው ነገር ሁልጊዜ በር ላይ ነው የሚነገረው። ያን ጊዜ ደግሞ የሚቀጥለው ሰው ስም ተጠርቷል። እንዲህ እያልኩ ዓመታት ሄዱ። ጠዋት ጠዋት ነጩን ጋውን ስለብስ ትከሻዬ ላይ እርጥብ ብርድ ልብስ የጫኑብኝ ይመስለኝ ጀመር።

ባለፈው ስፕሪንግ አንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ፋይል የምታነብ ሐኪም እንደሚፈልግ ሰማሁ። ሰው የለ፣ ሳል የለ፣ ለቅሶ የለ። ወንበር፣ ኮምፒውተር፣ ጸጥ ያለ ክፍል። አነጋገሩኝ፤ ወደዱኝ። ከሴፕቴምበር ጀምሮ እገባለሁ ብዬ ቃሌን ሰጠሁ። ለሊያ ስነግራት "ፋይናሊ! ማሚ፣ ማረፍ አለብሽ" አለችኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላለኝም፤ አላዘንኩምም።

በጁላይ፣ ከተማው እንደ ምድጃ በጋለበት ሳምንት፣ ሜላት የምትባል ልጅ ተራዋን ጠብቃ ገባች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የመጣችው ስለ አያቷ ስለ እማማ ትርንጎ ነው። እማማ ትርንጎ ልጃቸው በስፖንሰር ያመጣቻቸው፣ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ልባቸው የደከመ ታማሚዬ ናቸው። ሴንት ጄምስ ታውን ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ ሰባተኛው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። የሜላት እናት ሁለት ሥራ ስለምትሠራ አሮጊቷን ወደ እኔ የምታመላልሰው ሜላት ነበረች።

"ዶክተር፣ የግራንድማን መድኃኒት ሪፊል ታደርጊልኛለሽ?" አለችኝ። አንቱታ አልለመደባትም፤ እኔንም አያቷንም እኩል አንቺ ነው የምትለን። "እሷ መምጣት አትችልም። ኤሌቬተሩ ተበላሽቷል። አንዱ ድሮም አይሠራም፤ ሌላኛው ደግሞ ባለፈው ወር ቆመ።"

"ታዲያ እስካሁን መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?"

"ያ የሚያሸናው አልቋል መሰለኝ። እሷ እኮ አትነግረንም። 'ደህና ነኝ' ብቻ ነው የምትለው።"

"አሁን እንዴት ናቸው?"

"ሺ ኢዝ ፋይን። እግሯ ትንሽ አብጧል። ደግሞ አልጋ ላይ አትተኛም፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምታድረው። ሙቀቱ ነው ትላለች።"

ጌትዬ፣ ልቡ የደከመ ሰው ተቀምጦ ማደር ከጀመረ ነገሩ ሙቀት አይደለም። ሳንባው ውሃ እየቋጠረ ነው፤ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል።

"አምቡላንስ ለምን አልጠራችሁም?" አልኳት።

"ትናንት ልንጠራ ነበር፤ አለቀሰች። 'በሸክም አልወርድም' አለች። እናቴም ፈራች።"

"አሁኑኑ ሂጂና ጥሪ። እምቢ ቢሉሽም ጥሪ።"

ሜላት አልተነሳችም። "እኔን አትሰማኝም። እነሱ መጥተው 'አልሄድም' ካለቻቸው ትተዋት ይሄዳሉ። አንቺን ግን ትሰማሻለች" አለችኝ።

ውጭ ወንበሩ ሁሉ በሰው ሞልቷል። ምን ብዬ እንደተነሳሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደግነት ነው ብዬ አልዋሽህም። ያን ቀን ከዚያ ክፍል የሚያስወጣኝ ማናቸውም ምክንያት ይበቃኝ ነበር። ቦርሳዬን አነሳሁ። እንግዳ ተቀባይዋ "ዶክተር፣ ሰዎቹን ምን ልበላቸው?" ስትለኝ "የባሰበት ሰው አለብኝ በያቸው" አልኳት። አንድ ሽማግሌ "እኔስ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ!" ብለው ተቆጡ። እውነታቸውን ነው። ይቅርታ ጠይቄያቸው ወጣሁ።

ከሰብዌይ ባቡር ወርደን ሕንፃው ጋ ስንደርስ ኤሌቬተሩ በር ላይ "ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ማዕዘኑ ሁሉ ተገልብጧል። ደረጃው መስኮት የለውም። የቀለም ሽታና የሰው ሁሉ ወጥ ሽታ ባንድ ላይ ታፍኖበታል። አንዳንዱ ፎቅ አምፖሉ ጠፍቷል። አንዲት ነፍሰ ጡር የተሸከመችውን አስቤዛ አጠገቧ አስቀምጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። "ታመምሽ ወይ?" አልኳት። "አልታመምኩም፤ ለመነሳት ራሴን እየለመንኩ ነው" አለችኝ።

ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼ አለቀ። እዚያ ላይ አንድ የስሪላንካ ሽማግሌ የፕላስቲክ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሚስተር ሴልቫ ይባላሉ። ተነስተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ፤ ውሃም አመጡልኝ።

"ለምን እዚህ ይቀመጣሉ?" አልኳቸው።

"ድሮ የምቀመጠው ፓርኩ ውስጥ ነበር። ዘንድሮ ሰው ሁሉ የሚያልፈው በዚህ ነው" አሉኝ እየሳቁ። ቦርሳዬን አይተው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሐኪም ነሽ? እንግዲያው ስትወርጂ ባለቤቴን ታዪልኛለሽ? እኔን እሺ አትለኝም።"

"እሺ" አልኳቸው። ቶሎ ተነስቼ ለመሄድ ያህል ነበር እሺ ያልኳቸው።

እማማ ትርንጎ መስኮቱ አጠገብ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ሊነሱ ሞከሩ።

"ኧረ በማርያም፣ ይቀመጡ!"

"እዚህ ድረስ... በእግርሽ? ይህቺ ልጅ... ምን ብላ አስደነገጠችሽ?" ሁለት ቃል በተናገሩ ቁጥር ትንፋሽ ለመሳብ ያርፋሉ። እግራቸውን በጣቴ ስጫነው ሊጥ የነካሁ ይመስል ጎድጉዶ ቀረ። ጀርባቸውን ሳዳምጥ ሳንባቸው እስከ መሃሉ ይንጨረጨራል።

"እማማ፣ ሆስፒታል መግባት አለብዎት። ዛሬ፣ አሁን።"

"አይሆንም ልጄ። ኤሌቬተሩ ሲሠራ በእግሬ እወርዳለሁ። ተሸክመው የሚያወርዱት ሬሳ ነው። በሰው ፊት... እንደ ዕቃ ተጠፍሬ አልወርድም።"

"እስኪሠራ አይቆዩም።"

ለታማሚ እንዲህ ደፍሬ ተናግሬ አላውቅም። ሜላት ወደ ግድግዳው ዞረች። አሮጊቷ ዓይኔን አተኩረው አዩኝ።

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው እማማ።"

የነጠላቸውን ጫፍ ያዝ አደረጉ። ከዚያ "ፊቴን ልሸፍን?" አሉኝ።

"ይሸፍኑ። እኔም እስከ ታች አብሬዎት እወርዳለሁ።"

ሜላት ደውላ የጠራቻቸው የአምቡላንስ ሠራተኞች ለደረጃ የሚሆን ወንበር ተሸክመው እያለከለኩ መጡ። አሮጊቷን አስቀመጡ፣ አሰሩ። እማማ ነጠላቸውን ከአናታቸው እስከ አገጫቸው ድረስ ሳቡት። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ጎን ለጎን መሄድ አልተቻለም፤ እኔ ከፊት ከፊት፣ ፊቴን ወደ እሳቸው አድርጌ ቁልቁል ወረድኩ። ሜላት አምፖል በጠፋበት በስልኳ ታበራለች።

ከዚያ በሮች መከፈት ጀመሩ። ማን እንደተናገረ አላውቅም። በየፎቁ ሰው ወጥቶ በር ይይዛል፣ መንገድ ላይ ያለ ዕቃ ያነሳል፣ "ቀስ፣ ቀስ" ይላል። እማማ ከነጠላው ሥር "ማነው የሚናገረው?" አሉኝ።

"ጎረቤት ናቸው።"

"ምን አሉ?"

"ይማርዎት ነው የሚሉት።"

"እግዜር ይስጥልን በያቸው።"

ነገርኳቸው። ቀጣዩም ፎቅ እንደዚያው ሆነ፤ ከዚያ የሚቀጥለውም። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ሚስተር ሴልቫ ሁለት መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። ነጠላው ትንሽ ገለጥ አለ። ስድስተኛው ፎቅ ላይ እማማ ፊታቸውን ጨርሰው ገልጠው፣ ትንፋሽ እያጠራቸውም ቢሆን እሳቸው ቀድመው "እንደምን ዋላችሁ" ማለት ጀምረው ነበር። ልብሱ በላብ የራሰው አንደኛው ሠራተኛ "ምርጫ የሚወዳደሩ ነው የሚመስሉት" አለና ሁላችንንም አሳቀን። ስንት ጊዜዬ ነው ጌትዬ፣ ሥራ ላይ ከሳቅኩ።

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ወደ ሰብዌይ መንገድ ጀመርኩ። ለሽማግሌው የሰጠሁት ቃል ትዝ ሲለኝ ቆምኩ። እንደገና ያንን ሁሉ ደረጃ! ሌላ ቀን እመጣለሁ ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ ያ ሌላ ቀን እንደማይመጣ ግን አውቅ ነበር። ተመለስኩ።

የሚስተር ሴልቫ ባለቤት ራኒ ትባላለች፤ የስኳር በሽተኛ ናት። ኤሌቬተሩ ከቆመ ጀምሮ ከቤት አልወጣችም። ካልሲዋን አላወልቅም ብላ ብዙ አስቸገረችኝ። መጨረሻ ላይ ስታወልቀው ተረከዟ ላይ ያለው ቁስል መሽተት ጀምሯል። ለባሏ እንኳ አልነገረችም፤ እግሬን ይቆርጡኛል ብላ ፈርታ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አጠብኩት፣ አሰርኩት፣ መድኃኒት አዘዝኩላት፤ ነርስ ቤቷ ድረስ እንድትመጣላትም እዚያው ሆኜ ስልክ ደወልኩ። ጥቂት ሳምንት ብቆይ ኖሮ የፈራችው ይደርስ ነበር። ሳስር ራኒ ብዙ አወራችኝ፤ ስለ እግሯ ብቻ አይደለም። በር የሚያንኳኳ፣ ስም የሚጠራ ስለሌለ ዋናውን ነገር በመጨረሻ አላስቀረችውም።

ሚስተር ሴልቫ እስከ ደረጃው ሸኙኝ። "ትመለሻለሽ?" አሉኝ።

"ቅዳሜ" አልኩ። ቃሉ ከአፌ የወጣው እኔ ሳላስበው ነው።

ቅዳሜ ሄድኩ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ ሄድኩ። ሜላት ከታች ያለውን የልብስ ማጠቢያ ክፍል አስፈቀደች፤ ልብስ የሚታጠፍበት ጠረጴዛ ላይ የደም ግፊት መለኪያዬን ዘረጋሁ። መውረድ የሚችለው ይወርዳል፤ የማይችለውን እኔ እወጣለታለሁ። ደረጃው ላይ ያገኘኋት ነፍሰ ጡር ስንት ወር ሙሉ ሐኪም እንዳላየች እዚያ ነው የነገረችኝ። ከወለደች ጀምሮ መጋረጃ ገልጣ የማታውቅ ሌላ ሴት አገኘሁ። ሜላት በራሷ አማርኛ "ሰዎቹ ሲክ ስለሆኑ አይደለም የማይመጡት፤ ታይርድ ስለሆኑ ነው" አለችኝ። ታመው ሳይሆን ደክሟቸው ነው ማለቷ ልቤ ውስጥ ገባ። ስለ እኔ የምትናገር መስሎኝ ነበር።

እማማ ትርንጎ ከሆስፒታል ሲወጡ ኤሌቬተሩ እንደቆመ ነው። ያን ደረጃ መውጣት አይታሰብም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የምትኖር ሉርደስ የምትባል ፊሊፒናዊት፣ በቅርብ እንኳ የማታውቃቸውን አሮጊት፣ "የልጄ ክፍል ባዶ ነው" ብላ ወሰደቻቸው። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም። አንድ ቅዳሜ ግፊታቸውን ልለካ ስገባ እማማ በአማርኛ አገር ቤት ስላለችው ምራታቸው ያማሉ፣ ሉርደስ በራሷ ቋንቋ ስለ ራሷ ምራት መሆን አለበት ትመልሳለች፣ ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "ምን እያለች ነው እማማ?" ስላቸው "ዝም በያት፣ እውነቷን ነው" አሉኝ።

ኦገስት ላይ ተከራዮቹ ስብሰባ ጠሩ። የሕንፃው አስተዳዳሪ መጥቶ "ዕቃው ታዟል፣ እየጠበቅን ነው" አለ። እንድናገር ገፋፉኝ። ንግግር አላውቅም፤ ታውቀኛለህ። እማማን ከአሥራ ሰባተኛ ፎቅ እንዴት እንዳወረድናቸው ብቻ ተናገርኩ። ሰውዬው "ዶክተር፣ እርስዎ እኮ የዚህ ሕንፃ ተከራይ አይደሉም" አለኝ። "አይደለሁም፤ ታማሚዎቼ ግን ናቸው" አልኩት። ከዚያ በኋላ ከከተማው ተቆጣጣሪዎች መጡ፤ ወሩ ሳያልቅ አንደኛው ኤሌቬተር ሠራ። የማን ጩኸት እንዳሠራው አላውቅም። እማማ በእግራቸው ኤሌቬተሩ ውስጥ ገብተው ወደ ቤታቸው ሲወጡ ግን ሉርደስ አለቀሰች።

ለኢንሹራንሱ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ሴት ምክንያቴን ጠየቀችኝ። ላስረዳት ጀምሬ ተውኩት፤ "ሐሳቤን ለውጫለሁ" አልኳት። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን እዚያው ሰፈር ላለ የጤና ማዕከል እሠራለሁ፤ ከአንዲት ነርስ ጋር ቤት ለቤት እንዞራለን። የቀረውን ቀን ያው ብሉር ነኝ፤ ያው ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ አለ። ድካሙ ሄዷል ብዬ አልዋሽህም። ጉልበቴ ያመኛል፤ ማታ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምቀመጠው። ግን የበፊቱ ድካም ከየት እንደሚመጣ አላውቀውም ነበር። የአሁኑን አውቀዋለሁ፤ ከየትኛው ፎቅ፣ ከማን ቤት እንዳመጣሁት መናገር እችላለሁ። ጠዋት ስነሳ ደግሞ የምሄድበት አለኝ።

ሁሉም ነገር አማረ ብዬ ልጨርስልህ ብችል ደስ ባለኝ። ባለፈው ሳምንት ሚስተር ሴልቫ በተኙበት አረፉ። ሁልጊዜ "እኔ ደህና ነኝ፣ እሷን እዪልኝ" ይሉኝ ነበር። ግፊታቸውን ለክቻለሁ፣ ልባቸውን አዳምጫለሁ፤ የሚያሰጋ ነገር አልሰማሁም። ልብ አንዳንዴ ሳያስጠነቅቅ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ዜና ባለፈው ዓመት ሰምቼ ቢሆን ፋይሉን ዘግቼ ቀጣዩን እጠራ ነበር። አሁን ግን ለቅሶ ሄድኩ።

ራኒ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። በነሱ ለቅሶ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ እጇን ያዝኩ። ከዚያ ዞር ብላ "አንቺስ? ባል አለሽ?" አለችኝ።

ሰው ይህን ሲጠይቀኝ "የለኝም" ብዬ ወሬ እቀይራለሁ፤ እንዲህ ስል ነው የከረምኩት። ስምህን ጮክ ብዬ ከጠራሁ የምፈርስ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን "ነበረኝ" አልኳት። "ጌታቸው ይባላል።"

ስምህን ሁለቴ አስደገመችኝ። ከዚያ ነገርኳት። ወጥ ሳትቀምስ ጨው እንደምትጨምር፣ ሠርግ ላይ ከምቱ ወጥተህ እየጨፈርክ ሌላውን ሰው "ተሳሳትክ" እንደምትል፣ ሰዓትህን ሆን ብለህ አስቀድመህ ሞልተህ ያም ሆኖ እንደምታረፍድ። ግማሹ የገባት አይመስለኝም። ጨው ላይ ስደርስ ግን "የእኔም! የእኔም!" ብላ ሳቀች። በለቅሶ ቤት መሃል፣ ባል የሞተብን ሁለት ሴቶች፣ ሰው እያየን ሳቅን። ከዚያ አለቀስን። ጌትዬ፣ ለካ ሳላለቅስህ ነው የኖርኩት።

አንተን በልቤ መጠበቅ ማለት ስምህን ማፈን መስሎኝ ነበር። ቃል እገባልሃለሁ፤ ከእንግዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ "የለኝም" አልልም። ስምህን ሙሉውን እጠራለሁ፤ የማይችሉትን እስኪችሉ አስደግማቸዋለሁ። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ፣ አንድም ቀን አይታህ የማታውቅ ሴት አሁን "ጌታቸው" ማለት አጣርታለች። ቅዳሜ እግሯን ላይላት ስሄድ እንዴት እንደተገናኘን እንድነግራት ጠይቃኛለች። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እጀምርላታለሁ።

ያንተዋ
ሰብለ